ዘነበች የጠረገችው ብናኝ

አንድ ሰው ነበር። ቀን የከተማውን የውሃ ቧንቧ ይጠግናል፤ ሲመሽ አረቄ ቤት ይቀመጣል። ከአረቄ ቤት ሲወጣ የገዛ ቤቱ ይጠፋበታል። አንዳንዴ ጎረቤት ደግፎ ያመጣዋል፤ አንዳንዴ ከቦይ ውስጥ ተነሥቶ ይመጣል። ሚስቱ በር ከፍታ ትቀበለዋለች። ጫማውን ታወልቃለች፣ ጭቃውን ታጥባለች፣ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ ታቀርብለታለች።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ቤት ታውቃላችሁ? ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከእንዲህ ያለ ቤት ነው ዛሬ የመጣችሁት።

ሰውየውን ሀንዲሶ እንበለው። ሚስቱን ዘነበች እንበላት። ልጅ አልወለዱም። ሆሳዕና ከተማ ዳር፣ በኮምፔንሳቶ ለሁለት በተከፈለች ቤት ሁለቱ ብቻ ይኖሩ ነበር።

ይህ ሀንዲሶ ጠጣ፣ ጠጣ፣ አንድ ቀን ተወ። እንዴት እንደተወ ብነግራችሁ ደስ ይላችኋል፣ ታጨበጭባላችሁም። የዛሬው ወሬዬ ግን እሱ አይደለም። ከተወ በኋላ የሆነው ነው።

መጠጥ የተወ ሰው ምን ይቸግረዋል? ምሽቱ ይቸግረዋል። ከሥራ ወጥቶ እስኪተኛ ያለችው ሰዓት አልገፋ ትለዋለች። ሀንዲሶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ደጅ ይወጣል፣ ይመለሳል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ዘነበች ሽንኩርት እየከተፈች በዓይኗ ትከተለዋለች። ወደ በሩ ባየ ቁጥር ቢላዋዋ ይቆማል። ቁጭ እስኪል ትጠብቅና መክተፏን ትቀጥላለች።

በዚህ መሐል መምህር ኤርሱሞ የሚባሉ ጡረተኛ ቤት ቧንቧ ፈነዳና ሊጠግን ሄደ። መምህር ኤርሱሞ ዕድሜያቸውን ሁሉ የእጅ ሥራ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሀንዲሶ ሥራውን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ ግድግዳው ላይ አንዲት ቆቅ አየ። ከእንጨት የተሠራች ቆቅ። ደረቷ ነጭ፣ ክንፏ ቀይ ዳማ፣ አንገቷ ጥቁር።

«መምህር፣ ቀለሙ ምንድን ነው?» አለ።

«ቀለም የለውም። ነጩ ዝግባ ነው። ቀዩ ጽድ ነው። ጥቁሩ ወይራ ነው። እግዚአብሔር ቀብቶ ሰጥቶናል፣ የእኛ ቆርጦ መግጠም ብቻ ነው።»

ከዚያ መጋዟን አሳዩት። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ናት። በመርፌው ቦታ ክር የመሰለች ስለት ወደ ላይ ወደ ታች ትላለች። እንጨቱን በሁለት እጅ ይዘህ በቀስታ ታዞረዋለህ፤ ስለቷ ያሰመርከውን ተከትላ ትሄዳለች። ላባውን ለብቻ፣ ዓይኑን ለብቻ፣ ምንቃሩን ለብቻ ትቆርጣለህ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ታሻለህ። በመጨረሻ ሁሉንም ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ ትገጣጥማለህ።

ሀንዲሶ እንጨቱን ሲይዝ እጁ መንቀጥቀጡን አቆመ። ራሱንም ገረመው። መምህሩም አዩ።

ዓይናቸው እየደከመ ነበርና ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጋዟን ሰጡት። ሲሰጡት እንዲህ አሉት፦ «ስማኝ ልጄ። ሰጋቱራው መሬት ይወድቃል፤ የወደቀውን አትፍራው። የማይወድቀውን ፍራ። አየር ላይ የሚቀር ዱቄት አለ፣ በዓይን አታየውም። በር ከፍተህ ሥራ። አፍና አፍንጫህን ሸፍን።»

«እሺ መምህር» አለ። መጋዟን ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

የት ያስቀምጣት? ደጅ ዝናብ አለ፣ ሌባም አለ። ስለዚህ ከመኝታቸው በኮምፔንሳቶ በተከፈለችው ክፍል አስቀመጣት። መስኮት የላትም። በሩን ቢከፍት የሠፈር ሰው እየመጣ ቆሞ ያየዋል፣ ያወራዋል፣ መስመሩ ይበላሽበታል። ዘጋው። አፉን ግን ሸፈነ። አንድ ወፍራም ሻርፕ ነበረው፣ አጥፎ አፍና አፍንጫው ላይ ጥብቅ አድርጎ አሰረው።

ለእሱ አፍ ሻርፕ ነበረ። አያችሁ?

የመጀመሪያ ሥራው አንዲት እርግብ ነበረች። አንዱ ክንፏ ከሌላው ይበልጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ጨርሶ ለዘነበች ሰጣት። ዘነበች እርግቧን ይዛ አለቀሰች። ስለ እርግቧ አልነበረም የምታለቅሰው። ቅዳሜ ነው፤ ባሏ ግን ቤት ውስጥ ነው፣ ቆሟል፣ በሁለት እግሩ ቆሟል፣ የሠራውን እንደሚያሳይ ልጅ «ታምራለች?» እያለ ይጠይቃታል።

«ታምራለች» አለችው። «ድሮ አረቄ ትሸት ነበር። አሁን ጽድ ጽድ ትላለህ።»

ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ቤት ከተሳቀ ስንት ዘመኑ ነበር!

ሀንዲሶ ከዚያ በኋላ ሰው ሆነ። ከሥራ ሲወጣ የሚሮጥለት ነገር አገኘ። የወደቀ የወይራ ጉቶ ካየ ይሸከማል። የፈረሰ ቤት ካለ አሮጌ የጽድ ምሰሶ ለምኖ ያመጣል። ዓሣ ሠራ፣ አጋዘን ሠራ፣ የሙሽሮች ፊት ሠራ። ሰው «የሀንዲሶ እጅ» ማለት ጀመረ። ትናንት ከቦይ ያነሡት ሰዎች ዛሬ «አንተ» ማለቱን ትተው «አቶ ሀንዲሶ» አሉት።

ዘነበችስ? ዘነበች ትጠርጋለች።

እሱ ሠርቶ ሲወጣ እሷ መጥረጊያ ይዛ ትገባለች። መሬቱን ትጠርጋለች፣ ጠረጴዛውን ትወለውላለች። ብናኙ በኮምፔንሳቶው ስንጥቅ አልፎ መኝታ ቤት ይገባል፤ አልጋ ልብሱን ታራግፋለች። የውሃው ጀሪካን ላይ ይቀመጣል፤ ታጥባለች። ሳህኑ ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱሷ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ ያርፋል። ጠርጋ ስትጨርስ እንደገና ያርፋል።

«ተይው፣ እኔ እጠርገዋለሁ» ይላታል አንዳንዴ።

«ምን አለበት፣ አንተ ደክሞሃል» ትላለች።

ከዚያ ሳሉ መጣ። ደረቅ ሳል። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ቆይቶ ማታም ሆነ።

«ጉንፋን ነው?» አላት ሀንዲሶ አንድ ቀን፣ ከብርጭቆ ወረቀቱ ቀና ሳይል።

«ጉንፋን ነው።»

ጠየቀ፣ መለሰች፣ አለቀ። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንጠይቅ? መልሱን አስቀድመን በሰውየው አፍ ላይ አስቀምጠን «አዎ በለኝና ልሂድ» የምንል ስንቶቻችን ነን?

ዘነበች ለብቻዋ ጤና ጣቢያ ሄደች። አክታዋን መረመሩ፤ የሳንባ ነቀርሳ የለባትም። ነርሷ «ቤት ውስጥ ጭስ ወይም አቧራ አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ዘነበች «የለም» አለች። ሽሮፕ ይዛ ተመለሰች።

ለምን ዋሸች? ቆዩ፣ ትሰማላችሁ።

ታናሽ እህቷ አማረች ከዱራሜ ልትጠይቃት መጣች። አማረች ቀጥተኛ ሴት ናት፣ ያየችውን የምትናገር። አልጋው ላይ ተቀምጣ እጇን በራስጌው እንጨት ላይ ሳብ አደረገችና ጣቷን አየችው። ቢጫ ዱቄት።

«ዘኑ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የእንጨት ብናኝ ነው። አሁን ነበር የጠረግኩት።»

«አሁን ጠርገሽ እንዲህ ከሆነ ሳንባሽ ውስጥ እንዴት ይሆናል? ይህ ሳል ከዚህ ነው። ለጋሼ ሀንዲሶ ንገሪው። ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ።»

ዘነበች ተነሥታ በሩን ዘጋች። የእህቷን እጅ ያዘች።

«አንቺ እሱ ሲጠጣ እዚህ አልነበርሽም። እኔ ነበርኩ። በሩ ሲንኳኳ ሞቶ ያመጡት እየመሰለኝ ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ አታውቂም። ይህችን መጋዝ ከነካሁበት ወደዚያ ይመለሳል። ብናኙ ይሻለኛል፣ አማረች። ማሪኝ፣ ብናኙ ይሻለኛል። እንዳትነግሪው ማይልኝ።»

አማረች እያለቀሰች ማለችላት።

በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናቸው አዲስ አዳራሽ እየጨረሰች ነበር። ሽማግሌዎቹ ሀንዲሶን ጠርተው ለፊት ለፊቱ ግድግዳ ትልቅ ሥራ እንዲሠራ ጠየቁት። ከምንጭ ውሃ የምትቀዳ ሴት። ሀንዲሶ ክብሩ ከበደው። እኔን? አለ። የቦዩን ሰው? ሲመለስ እንባው በጉንጩ ነበር።

«ፊቱን ያንቺን ነው የማደርገው» አላት ዘነበችን።

በጣም ደስ አላት። ነጠላዋን አስተካክላ በዚያች መስኮት በሌላት ክፍል በርጩማ ላይ ተቀመጠችለት። እሱ እርሳስ ይዞ ይነድፋል። ጠዋት የቆረጠው የወይራ ብናኝ ገና አየሩ ላይ ነበር። ሳሉ መጣባት።

«አትንቀሳቀሺ» አላት።

«ሳሉ ነው።»

«ትንሽ ቻይው። አፍሽ ጋ ደርሻለሁ።»

ቻለችው። ከንፈሯን ገርበብ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቻለችው። እሱም አፏን ነደፈ። ከንፈሩ ገርበብ ያለ፣ የተጠማ የሚመስል አፍ ወጣለት። ወደደው። «እንዲህ ነው!» አለ።

ወገኖቼ፣ ሰውየው ይወዳት ነበር። እንደዚያ ቀን ትኩር ብሎ አይቷት አያውቅም። የቅንድቧን ኩርባ፣ የጉንጯን አጥንት፣ ሁሉን አየ። የታመመ ሰው ፊት ለፊቱ መቀመጡን ብቻ አላየም።

ክረምቱ ገባ። የምረቃው ቀን ቀረበ። ዝናቡ እንዳይገባ በሩ ጭራሽ አይከፈትም። ሀንዲሶ ከሥራ መጥቶ ያሻል፣ ያሻል፣ ያሻል። ዘነበች ከኮምፔንሳቶው ማዶ ተጋድማ መተንፈስ ስላቃታት ትራስ ደርድራ ተቀምጣ ማደር ጀመረች። ስታስል ይሰማል። ስታስል ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ? መጋዟን ያስነሣል። ድምፁ ሳሉን ይሸፍነዋል። «አሁን ይህችን ቁራጭ ልጨርስና» ይላል ለራሱ። «አዳራሹ ሲመረቅ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ» ይላል። ለእግዚአብሔር ቤት እየሠራ ነበራ! ማን ይወቅሰዋል?

ሥራው በሚሰቀልበት ቅዳሜ ጠዋት ወጣቶች ተሰብስበው መጡ። ትልቁን ሥዕል በብርድ ልብስ ጠቅልለው ለአራት ሆነው ተሸከሙት። ዘነበች በሩን ይዛላቸው ቆማ ነበር። «ቀስ፣ ቀስ፣ ጠርዙን» ትላለች። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ በሩን ለቀቀችና እዚያው ደፉ ላይ ተንሸራትታ ወረደች። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

ሀንዲሶ ዞር ብሎ አያት። ሥዕሉን የያዙት ወጣቶች መሬት ሊያስቀምጡት ሲሉ «አትጣሉት!» ብሎ ጮኸ። አስቀድሞ ያለው ይህን ነው። ከዚያ ወደ እርሷ ሮጠ። ይህችን ቃል ሀንዲሶ እስከ ዛሬ ይሰማታል። ማንም ስለ እርሷ ስላልወቀሰው ይበልጥ ይሰማታል።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሙ የደረቷን ራጅ በብርሃን ላይ አድርጎ ብዙ አየ።

«ሥራዋ ምንድን ነው?» አለ።

«የቤት እመቤት ናት።»

«ቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ አለ?»

የሀንዲሶ እጅ ወደ አንገቱ ሄደ። ሻርፑ አንገቱ ላይ ነበር፤ በጥድፊያው አልፈታውም። ሐኪሙ በሻርፑ እጥፋት ውስጥ የተጋገረውን ብናኝ አየ።

«አንተ ስትሠራ በዚህ ትሸፈናለህ?»

«አዎ።»

«እርሷስ?»

ሀንዲሶ ሻርፑን ከአንገቱ ፈታ። ሐኪሙ ጥያቄውን አልደገመውም። «ሳንባዋ ጠባሳ ሆኗል» አለው በቀስታ። «የቀረውን ልንጠብቅ እንችላለን፣ የሄደውን አንመልሰውም። እርሷ ወደዚያ ቤት እንዳትመለስ።»

እሑድ አዳራሹ ተመረቀ። ሀንዲሶን ካልመጣህ ብለው ከሆስፒታል ወሰዱት። ስሙ ተጠራ፣ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ከሌላ ከተማ የመጡ አንድ እንግዳ ሥዕሉ ሥር ቆመው «አፏን እዩት፣ እውነተኛ ጥም ነው!» አሉ። ሀንዲሶ ወጣ። ከአዳራሹ ጀርባ፣ የተረፈው አሸዋና ድንጋይ በተቆለለበት ቦታ ቁጭ ብሎ ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀረ።

የእህቷን መታመም ሰምታ የመጣችው አማረች ያገኘችው እዚያ ነው። መሐላዋን ያፈረሰችውም እዚያ ነው። ሁሉን ነገረችው።

ወደ ሆስፒታል ተመለሰ። አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«ለምን አልነገርሽኝም? ለምን? እሰብራት ነበር እኮ መጋዟን!»

ዘነበች የኦክስጅኑን መሸፈኛ ትንሽ ገለጥ አደረገች።

«ፈራሁ። ትጠጣለህ ብዬ ፈራሁ።» ተነፈሰች። «ደግሞ ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቀን መጋዟን አጥፍተህ መጥተህ ‹ዘነበች፣ ምን ሆነሽ ነው?› ብትለኝ እነግርህ ነበር። ሳስል ታስነሣት ነበር አይደል?»

ምን ይበል? «አልሰማሁም» ይበል? ሰምቷል። እርሷም መስማቱን ታውቃለች።

«አስነሣት ነበር» አለ።

እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። አልረገመችውም። ብትረግመው ይቀለው ነበር።

አማረች ወደ ዱራሜ ወሰደቻት። ሀንዲሶ ያችን ክፍል አፈረሰ፤ ኮምፔንሳቶውን ነቀለ፣ ግድግዳውን አጠበ፣ ኖራ ቀባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮት አወጣላት። እሑድ እሑድ ዱራሜ ይሄዳል። አጠገቧ ተቀምጦ ይጠይቃታል። ትናንት ተኛሽ? የቱ ጋ ነው የሚጨንቅሽ? ውሃ ላምጣ? ልጅ ሳለሽ ምን ትወጂ ነበር? ከሠርጋቸው ጀምሮ ያን ያህል ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም። እርሷ ግን ለአንዱ ጥያቄ የሚበቃ ትንፋሽ ነበር የቀራት። አንዳንዴ መልሱን ጀምራ ሳትጨርሰው ትደክማለች፤ እሱም በሚቀጥለው እሑድ ቀሪውን ይጠብቃል።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ሜዳው ቢጫ ሲሆን፣ ዘነበች ሞተች። ኖራ የተቀባውን ቤት አላየችውም።

ሰው ሁሉ «አሁን ይመለሳል» ብሎ ጠበቀ። ወደ አረቄው። አልተመለሰም። ዘነበች ሳንባዋን የሰጠችለት ያ ፍርሃት አልደረሰም። ለቅሶ ሊደርሱ የሄዱ አንድ ሽማግሌ «ብትነግርህ ኖሮ ትጠጣ ነበር?» ብለው ጠየቁት። እሱም «አላውቅም። ይህን እንኳ እንድናውቅ አልሆነልንም» አለ። እስከ ዛሬ ሳይጠጣ ያዝናል። ሳይጠጣ ማዘን ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ወገኖቼ፣ ይህን የነገርኳችሁ ስለ እንጨት አይደለም።

ስለ ስካር ብሰብክ ብዙዎቻችሁ ተመቻችታችሁ ትቀመጣላችሁ። አትጠጡም። አትሰርቁም። የምትወዱት ነገር ግን አላችሁ፣ ንጹሕ ነገር፣ ሰው የሚያመሰግናችሁ ነገር። የአንዱ ሱቁ ነው። የአንዱ ትምህርቱ ነው። የአንዷ መዘምራኑ ነው። የእኔ ይህ መድረክ ነው። ከሞት ያወጣን ነገር እንኳ ሊሆን ይችላል። ኃጢአት ነው አልልም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ማን ነው የሚጠርግላችሁ? እናንተ ሠርታችሁ ስትወጡ ከኋላችሁ የሚገባው ማን ነው? የምታስነሡትን ብናኝ የሚተነፍሰው ማን ነው?

«ለእግዚአብሔር ነው የምሠራው» አትበሉኝ። ሀንዲሶም ለእርሱ ነበር የሚሠራው።

እናንተስ፣ የምትጠርጉት? አዎ፣ እናንተን ነው። «ዝም ያልኩት ስለምወደው ነው» የምትሉ። እወቁ፣ ዘነበች በጣም ትወደው ነበር፤ ግን እውነቱን ሊሸከም ይችል እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ዕድል አልሰጠችውም። የሚወዱትን ሰው ሕፃን አድርጎ መያዝ አለ። ተናገሩ። እየፈራችሁ ተናገሩ። እህት የሆናችሁ፣ ጎረቤት የሆናችሁ፣ ሰው እየሞተ የምትጠብቁት መሐላ ካለ አፍርሱት።

ዛሬ ቤት ስትገቡ የያዛችሁትን አስቀምጡ። ስልኩንም አስቀምጡ። አጠገባቸው ቁጭ በሉና ፊታቸውን እያያችሁ «ምን ሆነሃል? ምን ሆነሽ ነው?» በሉ። «ምንም» ይሏችኋል። ሁልጊዜ መጀመሪያ «ምንም» ነው የሚባለው።

ያኔ አትነሡ። ሁለተኛ ጠይቁ።